ጉድለት የተገኘበት መምህር

ሙያዬ ዕቃ ከሱቅ ሳይከፈልበት እንዳይወጣ ማስተማር ነው። በአንድ የመንግሥት የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ፣ የሽያጭና የመደብር ሥራ ለሚማሩ ልጆች፣ ስርቆትንና የዕቃ ጉድለትን እንዴት እንደሚከላከሉ እነግራቸዋለሁ። በሕይወቴ ግን አንድም ሌባ ይዤ አላውቅም። የተሰረቅኩት ብዙ ነው፤ ጃንጥላ፣ ሞባይል፣ አንድ ጊዜም ታክሲ ውስጥ የንባብ መነጽሬን ከነቤቱ። ማን ወሰደው ብባል እስከ ዛሬ የምጠቁመው ሰው የለኝም። ይህ ብቻ ቢሆን «ዕድለ ቢስ ነው» ተብሎ ይታለፍ ነበር። የሚያሳፍረው ሌላው ነው። ራሴ ባዘጋጀሁት ሃንድአውት ላይ ከተዘረዘሩት የሌባ ዓይነቶች ሁለተኛው ተራ ላይ ያለው እኔን ይመለከታል። እደርስበታለሁ፤ አታስቸኩሉኝ።

ኮርሱን ያገኘሁት በዕውቀቴ አይደለም። ያስተምር የነበረው ሰው የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ ሄደ። የትምህርት ክፍል ኃላፊያችን ተተኪ ሲፈልግ ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ። «አንተ የባለሱቅ ልጅ አይደለህም እንዴ?» አለኝ። «ነኝ» አልኩ፤ ደረቴንም ነፋ አደረግኩ። ያልነገርኩት ነገር ቢኖር የአባቴ ሱቅ ውስጥ ደንበኛ ሊሰርቅ የሚችልበት መንገድ አለመኖሩን ነው። ደንበኛው ከባንኮኒው ወዲያ ቆሞ «ግማሽ ኪሎ ስኳር፣ አንድ ሳሙና» ይላል፤ አባቴ ከመደርደሪያው ያወርዳል፣ ይመዝናል፣ ብሩን ይቀበላል ወይም ዱቤ መዝገቡ ላይ ይጽፋል። ዕቃ የደንበኛ እጅ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ባንኮኒውን አልፎ መግባት የሚችል ከአባቴ ሌላ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እኔ። ከረሜላ በጎደለ ቁጥር አባቴ አይጥ ይረግም ነበር። ይህንን ነው እንግዲህ የሥራ ልምድ ብዬ ይዤ የገባሁት።

መጀመሪያ ያደረግኩት ያልተዘጋጀ መምህር ሁሉ የሚያደርገውን ነው፤ ታሪክ ውስጥ ተደበቅኩ። ታሪክ ለመደበቅ ይመቻል፤ ተማሪ ተነሥቶ «እኔ የምሠራበት ሱቅ እንዲህ አይደለም» ሊል አይችልም። እ.ኤ.አ. በ1699 በወጣ የእንግሊዝ ሕግ ከሱቅ 5 ሺሊንግና ከዚያ በላይ የሚያወጣ ዕቃ በስውር የወሰደ ሰው በሞት ይቀጣ እንደነበር ነገርኳቸው (ዘመኖቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራው)። የደራሲዋ የጄን ኦስተን የአጎት ሚስት በ1799 ባዝ ከተማ ውስጥ 20 ሺሊንግ የሚያወጣ ነጭ ዳንቴል ሰርቀዋል ተብለው ተይዘው፣ ወራት ታስረው፣ በ1800 በነጻ መለቀቃቸውን እንባ በሚያስቀርር ድምፅ ተረክሁ። ከዚያ ባሕር ተሻግሬ አሜሪካ ገባሁ። ክላረንስ ሳንደርስ የተባለ ነጋዴ በ1916 ሜምፊስ ላይ ፒግሊ ዊግሊ የሚባለውን መደብር ሲከፍት፣ ደንበኛው ራሱ ቅርጫት ይዞ እየዞረ የፈለገውን እንዲያነሣ ፈቀደ። የአባቴ ዓይነት ባንኮኒ በዚያ ቀረ። የሠራተኛ ወጪ ቀነሰ፣ ሽያጭ አደገ፣ የደንበኛ እጅም ከዕቃው ጋር ብቻውን መዋል ጀመረ። በ1960ዎቹ ደግሞ አርተር ሚናሲ የሚባል አሜሪካዊ ባለሙያ በር ላይ የሚያስጮኸውን የዕቃ መለያ ሠራ።

በዚህ መካከል አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ እኔ የምሠራበት ሚኒ ማርኬት አንዲት ሴትዮ ሲመጡ ሁልጊዜ የገበታ ቅቤ ነጠላቸው ውስጥ ይከታሉ። ምን ልበላቸው?»

«ግሩም ጥያቄ ነው» አልኳት። «በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ እናየዋለን።»

በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ በር ላይ የሚቆሙት መሣሪያዎች አንዱ ዓይነት በ8.2 ሜጋኸርዝ፣ ሌላው በ58 ኪሎኸርዝ እንደሚሠራ አስተማርኩ። ልጅቷ ጽፋዋለች። ቅቤውም መውጣቱን ሳይቀጥል አልቀረም።

ታሪኩ ሲያልቅብኝ ወደ ቁጥር ዞርኩ። የአሜሪካ የችርቻሮ ነጋዴዎች ብሔራዊ ፌዴሬሽን ስለ 2022 በጀት ዓመት ያወጣውን ጥናት ስላይድ ላይ ለጠፍኩት። ከሽያጭ 1.6 በመቶው በጉድለት ይሄዳል፤ ከጉድለቱ 36 በመቶው በውጭ ሰው ስርቆት፣ 29 በመቶው በራስ ሠራተኛ ስርቆት፣ 27 በመቶው በአሠራርና በቁጥጥር ስሕተት ነው። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን የደመረ ሰው ከጉድለቱ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከባንኮኒው ወዲህ ካለው ሰው እንደሚመጣ ያያል። ተማሪዎቼ ደምረው አዩት። እኔ አልደመርኩም። 36 ትልቁ ስለሆነ ቀይ ቀለም ቀባሁትና ስለ በር ጥበቃ ማውራቴን ቀጠልኩ።

የባሰም አለ። ያው ፌዴሬሽን ኤፕሪል 2023 ላይ ባወጣው ሌላ ሪፖርት፣ በ2021 ከጠፋው 94.5 ቢሊዮን ዶላር ግማሽ ያህሉን የወሰዱት የተደራጁ የሌባ ቡድኖች ናቸው ብሎ ነበር። እንዴት ደስ እንዳለኝ! የተደራጀ ቡድን ለመምህር ሲሳይ ነው፤ አለቃ አለው፣ መኪና አለው፣ የተሰረቀውን የሚረከብ ሰው አለው። ልጆቹ እንቅልፋቸው ጠፍቶ ሰሙኝ። በዲሴምበር ፌዴሬሽኑ ያንን አባባል ከሪፖርቱ ሰረዘው። ለካስ 45 ቢሊዮን ዶላር የሚለው ቁጥር በ2015 በጠቅላላው የጎደለው ድምር ኖሯል፤ ሠራተኛ የወሰደው፣ ደንበኛ የሰረቀው፣ በጽሕፈት ስሕተት የጠፋው ሁሉ ተጠቃልሎ። አንድ ምስክር በአሜሪካ ሴኔት ፊት የተደራጁ ቡድኖች ብቻ እንደወሰዱት አድርጎ ጠቀሰው፤ ሪፖርት አዘጋጆቹ ያንን አንሥተው ከ94.5 ጋር አስተያዩት፤ ግማሽ ሆነላቸው። ዎልግሪንስ የተባለው የአሜሪካ የመድኃኒት መደብር የፋይናንስ ኃላፊ የነበሩት ጄምስ ኪሆም በዚያው ዓመት ጃንዋሪ ላይ፣ ባለፈው ዓመት ስለ ጉድለት ጩኸቱን ሳናበዛው አልቀረንም ብለው ነበር። እነሱስ አመኑ። እኔ ግን ስላይዱን ሳላነሣ ቀጠልኩ፤ ሥዕሉ ያምር ነበራ! ይባስ ብዬ ፈተና ላይ አወጣሁት። «በእርግጥ አይታወቅም» ብሎ የመለሰ አንድ ልጅ ነበር፤ ዜሮ ሰጠሁት።

ለተግባር ልምምድ የክፍሉ ጥግ ላይ ትንሽ ሱቅ አቋቋምን። ሳሙና፣ የጥርስ ሳሙና፣ የዱቄት ወተት፣ ምላጭ፣ ብስኩት፤ ሁሉንም ከንብረት ክፍል በሞዴል 22 ወጪ አድርጌ ፈረምኩ። ልጆቹ በየተራ ካሸር፣ ጥበቃ፣ ደንበኛ እየሆኑ ይለማመዳሉ። ሴሚስተሩ ሳይጋመስ ቆጠራ አደረግን፤ ብስኩት ጎደለ። ጥቂት አይደለም፣ በጆንያ ካልሆነ የማይወጣ ብስኩት።

ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ አንድ ልጅ አለ። በሙቀትም በብርድም ሰፊ ጃኬቱን አያወልቅም፤ ሲያዩት ዓይኑን ይሰብራል፤ ከክፍል መጨረሻ የሚወጣውም እሱ ነው። ሃንድአውቴ ላይ «ተጠርጣሪን በገጽታ መለየት» በሚለው ርዕስ ሥር የዘረዘርኳቸውን ምልክቶች እንደሱ አንድ ሳያጎድል ያሟላ ሰው አይቼ አላውቅም። ልቤ ፈረደ። በድሮ ዘመን ሌባ ሻይ የሚሉት ልማድ ነበር፤ አንድ ብላቴና መድኃኒት ያጠጡታል፣ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ተብሎ ይያዛል። የእኔም ምርመራ ያው ነው። ብላቴናው ግን ቢያንስ መድኃኒት ጠጥቶ ነበር፤ እኔ የጠጣሁት ማኪያቶ ነው።

«ዛሬ የቦርሳ ፍተሻ እንለማመዳለን» አልኩ። «ፈቃደኛ አለ?» መልስ ሳልጠብቅ «አንተ፣ ና እስቲ» አልኩት። ነገሩ ለክፍሉ ሁሉ ገባው። ልጁ መጥቶ ቦርሳውን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈው፤ ደብተር፣ ምሳ ዕቃ፣ ካልሲ፣ ዝርዝር ብር። ሳልጠይቀው ጃኬቱንም አወለቀ፤ ከሥሩ የለበሰው ሸሚዝ ትከሻው ላይ ተተርትሯል። ጃኬቱ የሚሸፍነው እሱን ነበር።

«ቲቸር፣ እርስዎ ባስተማሩን መሠረት ከሆነ ብስኩት አይሰረቅም» አለኝ።

«እንዴት?»

«ቦታ ይይዛል፣ ይሰባበራል፣ ዋጋው ትንሽ ነው፣ መልሶ የሚገዛም የለም። ምላጩና ወተቱ ደግሞ አልጎደሉም። እኔ ብሆን ምላጩን ነበር የምወስደው።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ልጁ ልክ ነበር። ሮናልድ ክላርክ የተባለው የወንጀል ጥናት ምሁር በ1999 ሌባ ምን ዓይነት ዕቃ እንደሚመርጥ የጻፈውን እኔው ነኝ ያስተማርኳቸው፤ ለመደበቅ የሚመች፣ ለማንሣት የማያስቸግር፣ በቅርብ የሚገኝ፣ ዋጋ ያለው፣ ደስ የሚያሰኝ፣ ቶሎ የሚሸጥ። በብዙ አገር ምላጭ ተቆልፎበት የሚቀመጠው ለዚህ ነው። እኔ ነጥቦቹን ሸምድጃቸዋለሁ፤ እሱ አስቦባቸዋል።

ከክፍል ወጥቼ ንብረት ክፍል ሄድኩ። ኃላፊዋ መነጽራቸውን አድርገው ሞዴል 22ቱን አገላበጡና «መምህር፣ ሲፈርሙ ቆጥረው ነበር?» አሉኝ። ሰው በሰው ፊት ብስኩት ይቆጥራል እንዴ! አልቆጠርኩም። መለኪያ በሚለው ዓምድ ላይ «ፓኬት» መባል ሲገባው «ካርቶን» ተብሎ ተጽፏል፤ ከሥሩ ፊርማዬ ከነጌጡ ተቀምጧል። ስንፈልገው የሰነበትነው ብስኩት ከመጀመሪያውም አልነበረም። ከስላይዱ ላይ የዘለልኩት 27 በመቶ ማለት ይኸው ነው።

ልጁን ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። የፈተሽኩት በክፍሉ ሁሉ ፊት ነው፤ ይቅርታ የጠየቅኩት ግን ኮሪደር ላይ፣ ሰው አለመኖሩን ግራ ቀኝ አይቼ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው። «ችግር የለውም ቲቸር» አለኝ። ችግር ነበረው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ተራ ልግባ። ሃንድአውቴ «የውስጥ ስርቆት፦ ሠራተኛው ራሱ» ይላል። ዶናልድ ክሬሲ በ1953 ባሳተመው መጽሐፍ አደራ የተሰጣቸው ሰዎች ገንዘብ ሲያጎድሉ ሦስት ነገሮች እንደሚገጣጠሙ አሳይቷል፤ ለሰው የማይነገር ችግር፣ የተመቸ አጋጣሚ፣ ለራስ የሚቀርብ ሰበብ። እኔም ሦስት ማዕዘን አድርጌ በሰማያዊ ማርከር እሥለዋለሁ። ማርከሩ የኮሌጁ ነው። ትምህርቱ ሲያልቅ ኪሴ ይገባል፤ ማታ ቤት ይደርሳል፤ ልጄ የሳይንስ ቻርቷን ትሠራበታለች። ወረቀቱም ከኮፒ ማሽኑ አጠገብ የተነሣ ነው። ችግሩ የማርከር ዋጋ ነው። አጋጣሚው፣ ማርከር ቆጥሮ የሚረከበኝ ሰው አለመኖሩ ነው። በሰበብ በኩል ግን ባለጸጋ ነኝ፦ ፈተና የማርመው ቤቴ፣ በራሴ መብራት ነው፤ ትርፍ ሰዓት አይከፈለኝም፤ የቢሮው ወንበር ወገቤን ፈጅቶኛል፤ ማርከሩም ቢሆን ሊያልቅ ነው። ካሸር ሆኖ ለጓደኛው ሁለት ሻምፖ አሳልፎ አንዱን ብቻ የሚመታ ልጅ ቢያዝ የሚደረድረውን ሰበብ ሁሉ እኔ ከእሱ አሳምሬ ልደረድርለት እችላለሁ።

የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 665 የማይገባ ብልጽግና ለማግኘት ብሎ የሌላውን ንብረት የወሰደ ሰው እንደ ነገሩ ሁኔታ በቀላል እስራት፣ ወይም ከ5 ዓመት በማይበልጥ ጽኑ እስራት እንደሚቀጣ ይደነግጋል። ለተማሪዎቼ ያነበብኩላቸው ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው። «ማርከርን አይጨምርም» የሚል ንዑስ አንቀጽ የለውም፤ ፈልጌያለሁ።

ገበያ ስወጣም ያው ነኝ። ቆሎ ሻጭ ፊት ቆሜ «እስቲ ልቅመሰው» ብዬ እፍኝ አነሣለሁ፣ «ትንሽ አርሯል» ብዬ ወደሚቀጥለዋ አልፋለሁ። መስመሩን ሳልጨርስ እጠግባለሁ። ከገዛሁ ደግሞ ምርቃት ካልተጨመረልኝ አልንቀሳቀስም። ምርቃት ስርቆት አይደለም፤ ሻጯ ወዳ የምትጨምረው ነው ይባላል። እኔ ስጨቀጭቃት ፊቷን ያየ ሰው ግን «ወዳ» የሚለውን ቃል አይደፍረውም።

ሱፐርማርኬት ደግሞ በር ላይ ቦርሳ አስቀምጦ ቁጥር መቀበል፣ ሲወጡም ደረሰኝ ማሳየት አለ። ለተማሪዎቼ «ሁሉንም እኩል ፈትሹ፤ ሰውን የሚያስከፋው እሱ ብቻ ተለይቶ መፈተሹ ነው» እላቸዋለሁ። በኮርሱ ውስጥ ያለ ምንም ማሻሻያ የሚቆም ዓረፍተ ነገር ይህ ሳይሆን አይቀርም። አንድ የጥበቃ ልጅ ደረሰኝ ሲጠይቀኝ ግን «ማን መሰልኩህ?» አልኩት። «ደንበኛ» አለኝ። ኪሴን ብፈትሽ ደረሰኝ የለም፤ ካሸሯ ጋ ትቼዋለሁ። ሰልፉ እያየኝ ተመልሼ አመጣሁ። ደረሰኝ ሳይዙ አለመውጣት በሃንድአውቴ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ተሰምሮበታል።

እስካሁን ያልኩት ለትልቁ መንደርደሪያ ነው። የአሜሪካ የመደብር መርማሪዎች አንድን ሰው ከመያዛቸው በፊት በዓይናቸው ማየት ያለባቸው ነገር አለ፤ ወደ መደርደሪያው ባዶ እጁን መምጣቱን፣ ዕቃውን ማንሣቱን፣ መደበቁን፣ እስኪወጣ ከዓይናቸው አለመሰወሩን፣ ካሸሩን ሳይከፍል ማለፉን። ከዚህ አንዱ ከጎደለ አይነኩትም። ይህን ሁሉ አሟልቶ የፈጸመ ሰው በሕይወቴ ያየሁት አንድ ነው፤ የዕድራችን ገንዘብ ያዥ።

ሙሉ ልብስ ለብሰዋል። ሰፈራችን ካለው ሱፐርማርኬት ምላጭ የተሰቀለበት ቦታ ቆሙ፤ አንድ ፓኬት አነሡ፣ ዋጋውን አዩ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ በኮታቸው የውስጥ ኪስ ከተቱት። ቀና ሲሉ ዓይን ለዓይን ተጋጨን። ያን ጊዜ እኔ ምን አደረግኩ? ወደ ሻይ ቅጠሉ መደርደሪያ ዞሬ የፓኬቱን ጀርባ ማንበብ ጀመርኩ። የተመረተበትን ቀን፣ የሚያልፍበትን ቀን፣ የአከፋፋዩን አድራሻ ሳይቀር አነበብኩ። እሳቸው ረጋ ብለው መጡ።

«ልጄ፣ እንዴት ነህ? ቤተሰብ ደኅና?»

«ደኅና ነን ጋሼ፤ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«አሁን ምንድነው የምታስተምረው?»

«ማርኬቲንግ» አልኩ።

«ጎበዝ!» ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉና፣ ካሸሯን ሰላም ብለው ወጡ።

ሜሪ ኦወን ካሜሮን የተባሉ አሜሪካዊት የማኅበረሰብ ተመራማሪ በ1964 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ትልልቅ መደብሮች ከሚይዟቸው ሰዎች አብዛኞቹ ሌብነትን ሙያ ያደረጉ ሳይሆኑ፣ በአካባቢያቸው የተከበሩ፣ ራሳቸውንም ሌባ ብለው የማያስቡ ሰዎች መሆናቸውን ጽፈዋል። ይህንንም አስተምሬዋለሁ። ሳስተምረው ግን የአሜሪካ ሰው እንጂ የሰፈሬ ሰው በዓይኔ አልመጣም። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ይባላል፤ የተተረተረ ሸሚዝ የለበሰውን ልጅ ቦርሳ ለማራገፍ ያልቸገረኝ ሰው የጋሼን ኮት ግን ቀና ብዬ ማየት ተሳነኝ። እርጅናቸውን አክብሬ ነው እንዳልል፣ ክብር ቢሆን ኖሮ ጉልበቴ አይንቀጠቀጥም ነበር።

በዕድሩ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ገንዘብ ያዡ በቦታቸው ይቀጥሉ የሚል ሐሳብ ሲቀርብ እጄን አወጣሁ። የዕድሩ ሒሳብ፣ እውነቱን ለመናገር፣ በእሳቸው ዘመን አንድ ሳንቲም ጎድሎበት አያውቅም። ይህን ከክሬሲ ሦስት ማዕዘን የትኛው ጥግ ላይ እንደማስቀምጠው አሁንም ግራ ይገባኛል።

በእጄ ያለፋችሁ ተማሪዎች፣ ይህን ካነበባችሁ ደብተራችሁን አውጡ። «ተጠርጣሪን በገጽታ መለየት» የሚለውን ገጽ ቅደዱት። ግማሹ የተደራጀ ቡድን ነው ያልኩትንም ሰርዙ፤ «አይታወቅም» ብለህ ዜሮ የበላህ ልጅ፣ ሙሉ ነጥብ ነበረህ። ስለ ቅቤው የጠየቅሽኝ ልጅ ደግሞ፦ ሴትዮዋ ገና ሲገቡ ቀርበሽ ሰላም በያቸው፣ ቅርጫት አቀብያቸው፣ «ምን ልርዳዎት?» በያቸው፤ ቅቤውን ካሸር ፊት ለፊት ወዳለው ማቀዝቀዣ አዛውሪው። ያየ ዓይን እንዳለ ያወቀ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይተወዋል። እጅሽን አታሳርፊባቸው፤ «ሌባ!» ብለሽም አትጩሂ፣ ያ ጩኸት የሚሰበስበውን ሰው ማንም አይመልሰውም። መልሱ ይህን ያህል አጭር ነበር፤ እኔ ግን በዚያን ሰዓት እንግሊዝ ነበርኩ።

የብስኩቱ ዋጋ ከደመወዜ ተቆርጧል። ማርከሮቹን አልመለስኩም፤ ደርቀዋል። ኮርሱ ለመጪው ሴሚስተርም ለእኔ ተመድቧል።